በቀኝ ጥርሴ የፈረድሁት

ቡና መድረቁን የሚያውቀው ጥርስ ነው። ዓይን ይታለላል፤ ከነቅርፊቱ የሚደርቀው ቡና፣ እኛ ጀንፈል የምንለው፣ ላዩ ጠቁሮና ተጨማዶ ውስጡ ገና ርጥብ ሊሆን ይችላል። ጆሮም ይታለላል፤ በመዳፍ ይዘው ሲያንሿሹት የተንሿሿ ሁሉ ደረቅ አይደለም። ቅርፊቱን በጥፍር ልጠው ፍሬውን ሲነክሱት ግን ከሁለት አንድ ነገር ይሆናል። ወይ «ቀጭ» ብሎ ይመልሳል፣ ወይ ጥርስ ዝም ብሎ ይሰምጥበታል። ከመለሰ ደርቋል። ከሰመጠ ወይ ፀሐይ አልጠገበም፣ ወይ በሚዛን እንዲከብድለት ባለቤቱ ውሃ አርከፍክፎበታል።

በዚህ ሥራ ከሃያ ዓመት በላይ ኖሬአለሁ። የተማርሁት ጅማ መርካቶ ውስጥ፣ ከአንድ አረብ ነጋዴ መጋዘን ነው። እዚያ ቡና የሚለዩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። የመጀመሪያዋን ፍሬ እጄ ላይ ሲያኖሩልኝ «በቀኝ ንከስ፤ ቀኝ አይዋሽም» አሉኝ። እኛ በቀኝ እንበላለን፣ በቀኝ ሰላም እንላለን፣ መስጊድ የምንገባው በቀኝ እግር ነው። ቡናም በቀኝ መንጋጋ ቢፈረድ ማን ይገረማል? ሳልጠይቅ ተቀበልሁ። ሽማግሌው ከሞቱም በኋላ፣ አረቡ ንብረቱን ለመንግሥት ጥሎ ከሄደም በኋላ፣ እኔ በቀኝ ነከስሁ።

ትምህርት ቤት አልገባሁም። ቁርዓን ቤት ጥቂት ዓመት ተቀምጫለሁ። የአማርኛ ፊደል የለየሁት ግን ስኳር ከተጠቀለለበት የጋዜጣ ቁራጭ ነው። ፊደል የቆጠረ ሰው ባገኘሁ ቁጥር በመንገድ ላይ እያስቆምሁ «ይቺ ማን ናት?» እያልሁ፣ አንዱ አንዷን ሌላው ሌላዋን እየነገረኝ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳልደናቀፍ ለማንበብ ሠላሳ ዓመት ሞላኝ። በራሱ የተማረ ሰው አንድ ሕመም አለበት። ያወቀውን ነገር በመከራ ስላገኘው፣ ያ ነገር ስሕተት ሊሆን ይችላል ብሎ ማሰብ ይከብደዋል። ይህን የምጽፈው ዛሬ ነው። ያኔ ቢነግሩኝ እቆጣ ነበር።

ነገሩ የሆነው በደርግ ዘመን ነው። ቤቴ ጅማ መንደራ ቆጪ ነበር፤ ሚስቴና ልጆቼ እዚያ ይኖራሉ። እኔ ግን የቡናው ወራት ሲመጣ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ አንድ ክፍል ተከራይቼ፣ በገበሬዎቹ ማኅበር መጋዘን በር ላይ እቀመጣለሁ። ገበሬው ጀንፈሉን በበቅሎና በጀርባ አምጥቶ ይሰለፋል። እኔ እነክሳለሁ። ደረቅ ካልሁ ወደ ሚዛኑ ያልፋል፤ ርጥብ ካልሁ ተሸክሞ ይመለሳል። ከእኔ በላይ ይግባኝ የሚባልበት ቦታ አልነበረም። ለዚህም ነው አጥብቄ ሠራሁ ብዬ የማምነው። ጉቦ አልበላሁም፣ ለዘመድ አላዳላሁም። በየቀኑም ለተሰለፈው ሁሉ ስለ ታማኝነት እናገር ነበር። ሰው እየሰማኝ መስሎኝ ነበር። ወረፋውን ትቶ መሄድ ስለማይችል እንደሆነ አላሰብሁትም።

በዚያ አካባቢ ሁሉ ሰው የሚያከብራቸው አንድ አዛውንት ነበሩ። ከከተማይቱ የሁለት ሰዓት መንገድ ርቆ በሚገኝ መንደር፣ አንድ ትልቅ ዋርካ ሥር፣ የተጣላን ሰው የሚያስታርቁ ሽማግሌ ናቸው። የዋርካው አንድ ሥር ከመሬት ወጥቶ እንደ በርጩማ የተጠማዘዘ ነው፤ ከመቀመጥ ብዛት ለስልሶ ያብረቀርቃል። የእሳቸው መቀመጫ እሱ ነበር። ወንድም ከወንድም በድንበር ሲጣላ፣ ሴት ከባልዋ ስታኮርፍ፣ ፍርድ ቤት ከመሄድ በፊት ወደዚያ ሥር ይኬድ ነበር። ከሥራቸው ሁሉ የሚታወቁት በአንድ ነገር ነው። ተጣልቶ የመጣን ሰው ሁሉ መጀመሪያ «እውነቱን ተናገር፤ አትፍራ፤ ፍርሃት ነው ጠብ የሚያረዝመው» ይሉት ነበር ይባላል።

ታኅሣሥ ላይ፣ በአንድ ሰኞ፣ ሦስት ጆንያ ጀንፈል በሁለት በቅሎ ጭነው መጡ። ወረፋው ውስጥ ቅድሚያ ሊሰጧቸው የፈለጉ ነበሩ፤ «ተራዬን እጠብቃለሁ» ብለው ቆሙ። ተራቸው ሲደርስ ከመጀመሪያው ጆንያ አንድ ፍሬ አንሥቼ ልጬ ነከስሁ። ሰመጠ። ከሁለተኛው ነከስሁ። ሰመጠ።

«አባ፣ ይህ ርጥብ ነው» አልኋቸው።

«ምን አልክ?»

«ርጥብ ነው። ጥርሴ ሰመጠ።»

«ሃያ ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ የከረመ ጀንፈል? ኤሬ! ከሥር አውጥተህ ንከስ እስቲ።»

«አያስፈልግም። ሁለት ነክሻለሁ።»

«ሦስተኛ ብትነክስ ጥርስህ ያልቃል?» አሉ፤ ወረፋው ሳቀ። ከኋላ ያለ አንድ ጎልማሳ ደግሞ «ሽማግሌው ጀንፈሉን ለሶላት አጥበው፣ ውዱእ አስደርገው ነው ያመጡት!» ብሎ ጮኸ። ሳቁ ጨመረ። አሁን በእሳቸው ነበር የሚሳቀው። እኔ ግን ያ የመጀመሪያው ሳቅ ጆሮዬ ውስጥ ቀርቶ ነበር። ተቆጣሁ። በሕይወቴ ለታላቄ «አንተ» ብዬ አላውቅም። በዚያ ቀን አልሁ።

«ሰው የምታስታርቅ ሰው ነህ ሲሉ እሰማለሁ። በስተርጅናህ ውሃ ትሸጣለህ?»

ሳቁ ቀጥ አለ። እሳቸው ፊቴን ለረጅም ጊዜ አዩ። «ወላሂ፣ ውሃ አልነካውም» አሉ፤ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ።

«መሐላህን ለቡናው ንገረው» አልሁ።

በቅሎዎቻቸውን አዙረው ሄዱ። ነገሩ እዚያ ቢያበቃ ቀላል ነበር። ግን የማኅበሩ ሊቀመንበር ከመጋዘኑ ውስጥ ሆኖ ሰምቶ ነበር፤ በዚያ ዘመን ደግሞ ቡናን ውሃ ማስነካት ስሙ «አሻጥር» ነው። በሳምንቱ በመንደሩ ስብሰባ ተጠራ፣ እዚያው ዋርካው ሥር። እኔም ምስክር ሆኜ ሄድሁ። ስብሰባው እንደ ልማዱ ግራ እጅ ወደ ላይ ተነሥቶ መፈክር ተባለና ተጀመረ። ሊቀመንበሩ ወደ አዛውንቱ ዞረና «አባ፣ ነገሩ ቀላል ነው። ካመኑ ግለሂስ አድርገው እዚሁ ያልቃል። ካላመኑ ወደ አውራጃ እልከዋለሁ» አላቸው። ወደ አውራጃ የተላከ ነገር እንዴት እንደሚመለስ ማንም ሰው ያውቅ ነበር። አንዳንዱ አይመለስም።

እሳቸው ከተቀመጡበት ሥር ተነሡ። ከዚያ «አድርጌዋለሁ። ጥፋተኛ ነኝ» አሉ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። በዚያ ዘመን ለሁሉም ነገር ይጨበጨብ ነበር።

እኔ ምን ተሰማኝ? ልዋሽ አልፈልግም። ደስ አለኝ። «አየህ፣ ጥርሴ!» አልሁ በልቤ። ዓርብ ወደ ጅማ ስወርድ ለሚስቴና ለልጆቼ ገበታ ላይ ተረክሁት። «አያችሁ፣ ሽበት ሰውን አያድንም። ወላሂ ብሎ ምሎ ነበር፤ በሳምንቱ አመነ። ውሸት እግሩ አጭር ነው» ብዬ መከርኋቸው። ትልቋ ልጄ፣ ያኔ ጅማ ውስጥ የእርሻ ትምህርት የምትማረው፣ ጉርሻዋን ይዛ ታየኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ወደ ዋርካው የሚሄድ ሰው እየቀነሰ መጣ። በመንገድ የተጣሉ ሁለት ወንድማማቾች በእሳቸው ደጅ አልፈው ወደ ሌላ መንደር ሽማግሌ ሄዱ ሲባል ሰማሁ። «ይገባቸዋል» አልሁ። ይህንንም እጽፈዋለሁ፤ ብያለሁና።

ጥር ሲጋመስ ልጄ ወደ እኔ መጣች። ከትምህርት ቤቷ ለተግባር ልምምድ ለአሥር ቀን ወደ መጋዘኖቹ ከተላኩት አንዷ ሆና ነው። አንድ መሣሪያ አስፈርመዋት ይዛ መጥታለች፤ መልኩ ግራጫ፣ ቁመቱ የሬዲዮ ያህል፣ በባትሪ የሚሠራ የእርጥበት መለኪያ ነው። ፍሬውን ከላይ ይጨምሩበታል፣ መርፌዋ ተወዝውዛ ትቆማለች። ገበሬዎቹ ሊያዩት ተሰበሰቡ። «ይኼ ምን ይነክሳል?» አለ አንዱ። «ጥርስ የለውም እኮ!» አለ ሌላው። እኔም ሳቅሁ።

በመጀመሪያው ቀን እኔ ርጥብ ነው ያልሁትን አንድ ጆንያ መሣሪያው ደረቅ አለው። «ተበላሽቷል» አልኋት። በሁለተኛው ቀን ሁለት ጆንያ። «ባትሪው ነው።» በሦስተኛው ቀን አራት። ልጄ በደብተሯ ትጽፍ ነበር። በስተመጨረሻ እኔው ተቆጣሁ።

«በቡና ውስጥ ያረጀሁት እኔ ነኝ ወይስ ይኼ ብረት?»

«እርስዎ ነዎት፣ አባባ።»

«እና?»

«እና ምንም። የታዘዝሁትን ነው የምጽፈው።»

በዚያው ቀን ምሳ ላይ መጋዘኑ ጓሮ ተቀምጠን ነበር። ከእንጀራው በኋላ ቆሎ አቀረበችልኝ። ስበላ ዓይኗ ከአፌ አልተነሣም። ሰው ሲበላ ማየት ነውር መሆኑን ከሕፃንነቷ አስተምሬያታለሁ።

«ምን ታያለሽ?»

«አባባ፣ ቆሎውን በግራ ብቻ ነው የሚያላምጡት።»

«ቀኙ ትንሽ ያመኛል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ክረምቱ ከወጣ ጀምሮ። ምነው?»

«ቡናውንስ?»

«ቡና በቀኝ ነው።»

ይህን ስል ራሴን ሰማሁት። ልጄም አልቸኮለችም። ተነሥታ ከሚዛኑ አጠገብ ካለ ጆንያ ጥቂት ፍሬ ይዛ መጣች፤ ጠዋት እኔ ራሴ ርጥብ ብዬ የመለስሁትና ባለቤቱ እስኪወስደው የተቀመጠ ጆንያ ነው። አንዱን ልጣ ሰጠችኝ። በቀኝ ነከስሁ። ሰመጠ። «ርጥብ» አልሁ። ሌላ ልጣ ሰጠችኝና «በግራ ይሞክሩት» አለች። ዕድሜዬን ሙሉ ቡና በግራ ነክሼ አላውቅም። ነከስሁ።

ቀጭ አለ።

ሦስተኛ አነሣሁ፤ አራተኛ አነሣሁ። በግራ ሁሉም ቀጭ ይላል። በቀኝ ሁሉም ይሰምጣል። ጣቴን አፌ ውስጥ ከትቼ የቀኙን መንጋጋ ጥርስ ገፋሁት። ዝናብ ያራሰው መሬት ላይ እንደተተከለ ችካል ወዲያና ወዲህ አለ። ለካ የሰመጠው ወደ ቡናው አልነበረም። ጥርሴ ነበር ወደ ድዴ የሚሰምጠው።

የቆሎውን ሳህን ወደ ጎን አደረግሁት። ከዚያ ልጄ፣ «ሽማግሌው ታኅሣሥ ላይ አይደል የመጡት?» አለች።

«በታኅሣሥ» አልሁ።

«እሳቸው ወላሂ ብለው እንደነበር ነግረውናል።»

«ብለዋል።»

«እኔም ምዬልዎት ነበር» አለች፤ ድምፅዋ ቁጣ የለበትም፣ የደከመ እንጂ። «የግድግዳው ሰዓት በተሰበረ ጊዜ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ወላሂ አልነካሁትም ብዬ ማልሁልዎት። ሰበብ ለሌባ አይጠፋም ብለው ገረፉኝ።»

ሰዓቱን አስታወስሁ። ግርፊያውን አላስታወስሁም። ለእኔ ከብዙ ቅጣቶች አንዱ ነበር፤ እሷ ግን አሥራ አንድ ዓመት ይዛው ኖራለች። ስለ ልጆቼ አንድ ነገር እርግጠኛ ነበርሁ። ይፈሩኛል፣ ግን ትክክል መሆኔን ያውቃሉ እል ነበር። ያን ቀን ምሳ ላይ ያወቅሁት፣ ከልጆቼ አንዷ ቢያንስ ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ ትክክል አለመሆኔን እያወቀች በአክብሮት «አባባ» ስትለኝ መኖሯን ነው።

ጥርሱን በዚያው ሳምንት ጅማ መርካቶ አንድ ድሬሰር ዘንድ ሄጄ አስነቀልሁት። እንኳን ጉጠት፣ በጣትም ይወጣ ነበር። ሊጥለው ሲል «ስጠኝ» አልሁትና በወረቀት ጠቅልዬ ኪሴ ከተትሁት። «ለምንህ ነው፣ ጋሼ? መልሰህ ልትተክለው?» ብሎ ሳቀብኝ። ለምን እንደፈለግሁት ያኔ እኔም አላውቅም።

አንድ አባት ይህን ቢጽፍ፣ «ወዲያው ተነሥቼ ወደ አዛውንቱ ሄድሁ» ቢል ደስ ይለዋል። እኔ ወዲያው አልሄድሁም። ሁለት ሳምንት ተቀመጥሁ። ምክንያት አላጣሁም። ነገሩ አልፏል፤ ሰውየው ራሳቸው አምነዋል፤ አንዴ የተዘጋ ነገር መልሶ መክፈት ለእሳቸውም አደጋ ነው፤ ሊቀመንበሩ በእኔ ላይ ይነሣ ይሆናል፤ ልጆች አሉኝ። ሁሉም እውነት ነበር። እውነት በሆነ ነገር መደበቅ በሐሰት ከመደበቅ ይቀላል፤ ይህን ከራሴ ነው የተማርሁት። ልጄ አሥር ቀኗን ጨርሳ መሣሪያውን ይዛ ተመለሰች። ምንም አልመከረችኝም። ከዚያ በፊት ማታ ማታ «አባባ፣ ይህን እንዴት ያዩታል?» እያለች የምትጠይቀኝ ነገር አይጠፋም ነበር። ያ ጥያቄ ቀረ። የከበደኝ እሱ ነው።

ወደ ሊቀመንበሩ ሄድሁ።

«ተወው እንጂ!» አለኝ። «የተዘጋ ነገር ነው። ሰውዬው በገዛ አፉ አምኗል።»

«ያመኑት ፈርተው ነው።»

«ታዲያ ማን ሳይፈራ ያምናል?» አለ፤ እውነቱን ነው የጠየቀኝ፣ አላሾፈም። ከዚያ «እሺ፣ ግለሂስ ማድረግ ከፈለግህ ማን ይከለክልሃል። ወሩ መጨረሻ ስብሰባ አለ። አጭር አድርገው» አለኝ።

በስብሰባው ቀን ሁለት ሰዓት በእግሬ ሄድሁ። መንገዱ በቡናው ጥላ ሥር ያልፋል፤ ፍሬው ተለቅሞ አልቆ ዛፎቹ ባዶ ነበሩ። ስደርስ ሰው ተሰብስቧል። አዛውንቱ ከዋርካው ሥር ላይ አልነበሩም፤ ከሴቶቹ ኋላ ሣሩ ላይ ተቀምጠዋል። ያች ለስላሳ ሥር ባዶዋን ነበረች። ማንም አልተቀመጠባትም።

ስለ ማዳበሪያና ስለ መንገድ ሥራ ሲወራ ቆይቶ ሊቀመንበሩ ስሜን ጠራ። ቆምሁ። በኦሮምኛ ነው የተናገርሁት፤ ሁሉም እንዲሰማ። ጥርሴ ታሞ እንደነበር፣ ቡናቸው ደረቅ እንደነበር፣ ያዋረድኋቸው እኔ እንደሆንሁ ተናገርሁ። ሰው እርስ በርሱ ይተያያል። ያልገባቸው መሰለኝ። ከኪሴ ወረቀቱን አውጥቼ ፈታሁና ጥርሱን በመዳፌ ከፍ አድርጌ አሳየሁ።

«የዋሸው ይህ ነው» አልሁ።

አንድ ሰው ከጀርባ «ጥርሱንም ግለሂስ አስደርጉት!» አለ። ዋርካው ሥር ያለው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ሊቀመንበሩም ሳቀ። ከዚያ አጨበጨቡልኝ። ለአዛውንቱ ባጨበጨቡበት በዚያው እጅ፣ በዚያው መጠን። ያኔ ገባኝ። በዚህ ቦታ፣ በዚህ ዓይነት ስብሰባ፣ ሰው ስንት ጊዜ «ጥፋተኛ ነኝ» ሲል ሰምተዋል፤ ቃሉ አልቆ ነበር። እኔ እውነተኛውን ይዤ ስመጣ ከሐሰተኛው የሚለዩበት ምንም አልቀረላቸውም። በየትኛው ጥርስ ይንከሱት?

ስብሰባው ሲበተን አዛውንቱ ዱላቸውን ይዘው ወደ እኔ መጡ። «ወንዙ ድረስ ልሸኝህ» አሉ።  ወንዙ ጋ ስንደርስ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«አፉ በሉኝ» አልኋቸው።

«አፉ ብያለሁ። የጥርስ ነገር ነው። የማን ጥርስ ይቆያል?» አፋቸውን ከፍተው አሳዩኝ፤ ከፊት ሦስት፣ ከኋላ ምናልባት ሁለት ቀርቷል።

«ከነገ ጀምሮ በየመንደሩ እየዞርሁ እናገራለሁ። ሰው እንዲመለስልዎት።»

«ተው፣ ማሎ፣ እባክህ!» አሉ በቁጣ። የመጀመሪያው ቁጣቸው ያ ነበር። «አንተ ያልገባህ ነገር አለ። ሰዎቹ መምጣት የተዉት ውሃ ጨምሯል ብለው አምነው መሰለህ?»

«ታዲያ ለምንድነው?»

«ግማሾቹ ጀንፈሉን ሲሰጣ አይተውታል። አብረውኝ ያገላበጡት አሉ። ደረቅ መሆኑን ያውቃሉ።» ዱላቸውን ውሃው ውስጥ ነክረው አወጡ። «አርባ ዓመት ሰውን እውነቱን ተናገር፣ አትፍራ ስል ኖርሁ። የእኔ ቀን ስትመጣ ያልሠራሁትን ሠርቻለሁ አልሁ። በእነሱ ፊት። በዚያችው ሥር ላይ ቆሜ። አውራጃ የሚል አንድ ቃል በቃኝ። አሁን ማንን ነው አትፍራ የምለው?»

«ያስገደዱዎት እኛ ነን።»

«ጥርስህ ርጥብ ነው አለ። ሊቀመንበሩ አውራጃ አለ። አድርጌዋለሁ ያለው ግን ማን ነው? ይኼ ነው» ብለው አፋቸውን በጣታቸው ነኩ። «የአንተን ነቀሉልህ። የእኔን የት ሄጄ ላስነቅለው?»

 ዕድሜዬን ሙሉ ለሁሉም ሰው የምለው ነገር አላጣሁም ነበር።

«እኔ እንደዚያ ዓይነት ሰው መሆኔን አላውቅም ነበር» አሉ ሲነሡ። «አሁን ዐወቅሁ። ስላሳወቅኸኝ አልቀየምህም፣ አላመሰግንህምም። ወደ ዋርካው ግን አትመልሰኝ።»

ተመለሱ። እኔ ወንዙን ተሻገርሁ። ጥርሱን ውሃው ውስጥ ልጥለው አስቤ ነበር፤ ኪሴ ውስጥ መሆኑን ያስታወስሁት ከተማ ስገባ ነው።

ከወንበሬ አልተነሣሁም። ይህን መደበቅ አልፈልግም። እሳቸው መቀመጫቸውን ተዉ፤ እኔ ግን ደመወዜን የምሰጠው ቤት ነበረኝና በቀጣዩ ዓመትም መጋዘኑ በር ላይ ተቀመጥሁ። መሣሪያው ዳግመኛ አልመጣም። በግራ መንከስ ጀመርሁ። አንድ ነገር ብቻ ለወጥሁ። የነከስሁትን ፍሬ ግማሽ ለባለቤቱ እሰጣለሁ፣ እሱም ይነክሳል። ካልተስማማን ከሥር አውጥተን ሁለታችንም እንደገና እንነክሳለን። ሥራው ዘገየ፤ ሊቀመንበሩ አጉረመረመ። ስለ ታማኝነት የምናገረውንም ተውሁ። ማንም ለምን ተውህ ብሎ አልጠየቀኝም።

ከመስከረም እስከ ጥር በነበሩት ወራት ስንት ሰው በዚያ ጥርስ እንደመለስሁ አላውቅም። ብዙዎቹ ጀንፈላቸውን ተሸክመው ሄደው፣ ሊፈረካከስ እስኪደርስ አድርቀው መልሰው አምጥተውልኝ ይሆናል፤ እኔም «አሁን ገና ደረቀ» ብዬ መክሬያቸው ይሆናል። ፊታቸውን አላስታውስም። የግድግዳውን ሰዓት ማን እንደሰበረውም እስከ ዛሬ አላውቅም። ጅማ ስወርድ ልጄን አስቀምጬ «አንቺ አይደለሽም» አልኋት። «እንዴት ዐወቁ?» አለችኝ። «አላወቅሁም። ምለሽልኛል» አልኋት። በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ በኋላ መጠየቁን ጀመረች፤ እንደ ድሮው ግን አይደለም። አሁን መልሴን ከሰማች በኋላ ጥቂት ቆይታ፣ አመዛዝና ነው የምትወስደው። እንዲያ ይሻላል።

አዛውንቱ በቀጣዩ ታኅሣሥ መጡ። አንድ በቅሎ፣ አንድ ጆንያ። ወረፋቸውን ጠብቀው ደረሱ። ብድግ አልሁ።

«ወደ ሚዛኑ ይለፉ፣ አባ» አልኋቸው።

«ሳትነክስ?»

«ግድ የለም።»

«ምን ማለት ነው ግድ የለም? ንከስ እንጂ! ሥራህ አይደለም?» አሉ። ወረፋው ጆሮውን አቅንቷል።

አንድ ፍሬ ልጬ በግራ ነከስሁ። ቀጭ አለ። ግማሹን ሰጠኋቸው። «እኔ በምን ጥርሴ?» ብለው ከመሬት ጠጠር አነሡና ፍሬውን የመጋዘኑ ደረጃ ላይ አስቀምጠው በጠጠሩ መቱት። ተፈረካከሰ። ጎንበስ ብለው ስብርባሪውን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩ።

«ምን ይላል?»

«ደርቋል።»

«እርግጠኛ ነህ?»

ከኋላ ያሉት ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም። የጆንያውን አፍ በሰፊው ከፈትሁ፤ እጄን እስከ ክርኔ አስገብቼ ከሥር አንድ ሌላ አወጣሁ።